ቤቴና የደረጃው ተራ

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ቤቴን የሚወርስ ሰው ተራው ሲደርስ የሕንፃውን ደረጃ ይጠርጋል። ቤቱን ወስዶ ደረጃውን መተው አይቻልም።

እኔ ኤገርት ላውተንባህ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው፣ ዛሬ ማክሰኞ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2000፣ ሽቱትጋርት በሚገኘው ቤቴ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ በሦስት ምስክሮች ፊት ይህን አስጽፌአለሁ።

አንደኛ፤ ቤቱ በርሊን ለምትኖረው ለእህቴ ልጅ ለጉድሩን ይሁን። ትናንት በስልክ ስለ ደረጃው ብነግራት፣ «አጎቴ፣ የሚጠርግ ሰው ቅጠርና ተገላገል!» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኔም በሠላሳ ዓመቴ፣ ጠበቃ ሳለሁ፣ እንዲሁ ነበርኩ። የዚህን ሕንፃ አንድ ተከራይ ወክዬ ተከራከርኩና ደረጃ የመጥረግ ግዴታ እንደሌለበት አስፈረድኩ። የፍርዱን ግልባጭ ይዤ ስመጣ ጎረቤቱ ወይዘሮ ሮዝሌ ሃፍነር መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ «እሰይ፣ አሸነፉ! ታዲያ በዚህ ሳምንት ተረኛው ማነው?» አሉኝ። ደንበኛዬ አንገቱን ደፍቶ ባልዲውን አነሣ።

ፍርድ ቤት ነፃ ያወጣው ሰው ለምን ይጠርጋል? ይህን ለማወቅ ጥብቅናውን ትቼ ሶሲዮሎጂ ተማርኩ፤ እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ቤት ገዛሁ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ አስተማርኩ። መልሱን አላገኘሁም። ደረጃው ግን ንጹሕ ነው።

ሁለተኛ፤ አርባ ስድስቱ ደብተሮቼ ለዩኒቨርሲቲው ይሰጡ። ማን የትኛውን ደረጃ ሳይጠርግ እንዳለፈ በየቀኑ ስለተመዘገበባቸው፣ ጎረቤቶቼ በሕይወት ሳሉ እንዳይከፈቱ።

ሦስተኛ፤ መጥረጊያዬ ለወይዘሮ ሮዝሌ እንዲሰጥ አስጽፌ ነበር። ነገር ግን ውርስ የሚቀበል ሰው ምስክር ሊሆን እንደማይገባ ስነግራቸው፣ «እንግዲያው መጥረጊያዎን ያስቀምጡት! እኔ የመጣሁት ልፈርም ነው። ደግሞ ዶክተር፣ የእርስዎ መጥረጊያ ጥግ ደርሶ አያውቅም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ከኋላዎ ስጠርግ የኖርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ይህ በደብተሮቼ ውስጥ የለም። አንቀጹ ተሰርዟል፤ መጥረጊያው ከቤቱ ጋር ይሂድ።

አራተኛ፤ የሳምንቱን ተረኛ የሚያመለክተው ሰሌዳ የፊታችን ሰኞ በእኔ በር ላይ ይሰቀላል። እኔ ከአልጋ አልነሣም፤ ወይዘሮ ሮዝሌም ጉልበታቸውን ታመዋል። ስለዚህ ተራዬን ጉድሩን መጥታ ትጥረግ፤ እምቢ ካለች ቤቱ ተሽጦ ገንዘቡ ከምስክሮቹ በቀር ለሕንፃው ነዋሪዎች ይከፋፈል።

ሲነበብ ሰምተን ፈርመናል፦ ኤገርት ላውተንባህ፤ ምስክሮች፣ ሮዝሌ ሃፍነር፣ ፋርማሲስቱ ኦትማር ክሊንክ፣ ዳቦ ጋጋሪው ቬንደሊን ሾል።

ጉድሩን ልጄ፣ ይህ ግልባጭ ዛሬ በፖስታ ይላክልሻል። መምጣት አለመምጣትሽን እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ፣ እባክሽ በጽሑፍ መልሺልኝ።