ሳማርካንድ ሲደርሱ ሻዩ ቢጎድል

ይድረስ ለእናቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ ያ የደሴ ብርድ አልበረታብዎትም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በረዶው ከደጅ፣ እኛ ከቤት፣ ተከባብረን እንኖራለን።

በስልክ ያሉኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለ። «እዚያ ኡዝቤክ አገር ምን በልቼ? ሰው አገር ሞቼ ብቀርስ?» አሉኝ። ልጄ ሰልዋ ደግሞ አያቴ ሳማርካንድ ካልመጣች ኒካሁ አይታሰርም ብላ ድርቅ ብላለች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች እርስዎ ያውቃሉ። እንግዲያው በመስከረም ሄጄ አገሩን አይቼዋለሁና ልንገርዎት፤ ከዚያ ይፍረዱ።

ታሽከንት ከአውሮፕላን ወርደው በፈጣን ባቡር ሳማርካንድ ይገባሉ። ሰዉ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለው። ትልቅ ሰው ሲገባ ሁሉም ይነሣል። እርስዎን ከበሩ ራቅ ካለው የክብር ቦታ ያስቀምጡዎታል።

ሥጋው በቢስሚላህ የታረደ ነው፣ አይጠራጠሩ። ኦሽ የሚሉት ሩዝ አላቸው፤ በትልቅ የብረት ድስት ከታች የበግ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ካሮት፣ ከላይ ሩዙ ሆኖ ይበስላል። ለሠርግ የሚሠሩት ወንዶቹ ናቸው፤ ፈትሂያ ይህን ከሰማች ባሏ፣ ወንድሜ ሙሀጅር፣ መግቢያ ያጣል። ሳምሳ የሚሉት የኛ ሳምቡሳ የአክስት ልጅ ነው፤ ዘይት ውስጥ አይገባም፣ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጋገራል። የሚያቃጥል ነገር ብዙም አይወዱም፤ ሚጥሚጣዎን በብልቃጥ ይያዙ።

ሻይ ሲቀዱልዎ ግን ግማሽ ሲኒ ብቻ ነውና እንዳይቀየሙ። እኔን ያየ ይቀጣ። ሐምሌ ላይ የሰልዋ እጮኛ የሸርዞድ እናት ዲልበር ልጃችንን ለልጇ ልትጠይቅ እዚህ ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ቤቴ መጣች። እኔ በወሎ ወጌ ሲኒውን ጢም አድርጌ ቀዳሁላት። ፊቷ ተለወጠ፤ ቶሎ ጠጥታ ሻርፗን መሰብሰብ ጀመረች። እኔ ደግሞ የጠማት መስሎኝ ድጋሚ ሞላሁት። ሸርዞድ ቀልቶ በእንግሊዝኛ ለሰልዋ ነገራት። ለካስ እነሱ ዘንድ ሙሉ ሲኒ ጠጥተሽ ሂጂ ማለት ነው። ግማሽ የሚቀዱት ደጋግመው ለመቅዳት፣ እንግዳው እንዲቆይላቸው ነው። እኔም እኛ ዘንድ ጎደሎ የሚቀዳ ስስታም ነው ብዬ አስተረጎምኩላት። ዲልበር እጄን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ እስከ መግሪብም አልሄደች።

ስለ ሞት ላሉት፣ ሞትስ ደሴም ሳማርካንድም በአላህ እጅ ነው። ግን ዲልበር ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ክብ ዳቦ ተሰቅሎ አየሁ። እንደ ድንጋይ ደርቋል፣ ዳሩ ተገምጧል። ሸርዞድ ወደ ካናዳ ሲወጣ የገመጠው ነው። መንገደኛ አንዴ ገምጦ ይተወዋል፣ «ቀሪው ሪዝቁ፣ ሲሳዩ፣ እስኪመለስ ቤቱ ይጠብቀዋል» አለችኝ። ለኒካሁ ሲገባ ያወርዱለታል።

ሙሀጅርን ሰላም ብዬዋለሁ፤ ከኢድ በኋላ እርስዎን ይዞ የሚነሣበትን ቀን ቆርጦ ኮል ያድርግልኝ። ፈትሂያን ሳሙልኝ፤ ለመውጫችሁ ድፎዋን ትጋግር። እርስዎ ዳሩን ይግመጡና ይስቀሉት። ጎረቤታችንን እትዬ ጠጂቱን ሰላም ይበሉልኝና እስክትመለሱ ድፎውን እሳቸው ከአይጥ ይጠብቁልን። ሲመለሱ በሻይ ነክረው ይበሉታል። ያንን ሻይ ግን ጢም አድርገው ይቅዱት።

ዱዓዎ አይለየን።

ልጅዎ ዙሀራ
ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.