የሰፈሩን ቧንቧ የዘጉት አባታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን ከዚህች ከተማ ብዙ ርቆ በሚገኝ የገበሬዎች መንደር ተወለዱ። ወላጅ አባታቸውን ያጡት ገና ፊደል ሲቆጥሩ ነበር፤ እናታቸው ግን እንደምንም ብለው ስድስተኛ ክፍል አደረሷቸው። ከዚያ በላይ አቅም ስላልነበረ በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጡ። ከተማዋ ያኔ አንድ የአውቶቡስ ማቆሚያና ሁለት አቧራማ መንገድ ብቻ ነበረች።

ማንንም አያውቁም ነበር። ባልም ልጅም ያልነበራቸው ልብስ አጣቢዋ እማማ፣ አባታችንን ማቆሚያው ጥግ ኩርምት ብለው ተቀምጠው ሲያገኟቸው፣ "ምን እዚህ ያንቀጠቅጥሃል? ተነሥ እንሂድ" አሏቸው። የተተኮሰ ልብስ የሚያስቀምጡባትን ጠባብ ክፍልም ሰጧቸው። አባታችን ትዳር እስኪይዙ የኖሩት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

የውኃ መሥሪያ ቤቱ ቦይ ቆፋሪ ሲፈልግ ተቀጠሩ፤ ቧንቧ መቀጠልም ለመዱ። መሣሪያቸው ከእጃቸው ስለማይጠፋ ሰፈሩ "መፍቻ" ይላቸው ጀመር። የሰፈሩን የጋራ ቧንቧ የተከሉትም እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ውኃ ሊጠጡ ሰልፉን አልፈው ሲገቡ፣ ሰልፉ ላይ የነበሩት እናታችን "ብትተክለውም ተራህን ጠብቅ!" አሏቸው። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ። በዓመቱ ተጋቡ፤ ሦስት ልጆችም አፈሩ።

ከተማዋ እያደገች ሄደች። አስፋልት ገባ፣ አጥሩ ከፍ ከፍ አለ፤ ደጅ ላይ ቆሞ መጨዋወት ቀርቶ ሰላምታው የመኪና ጥሩምባ ሆነ። አባታችንም አብረው አደጉ፤ ረዳት ኃላፊ ሆኑ፣ ከረባት አሰሩ። ከማን ቤት እንደወጡ ግን ለባልደረቦቻቸው ትንፍሽ አይሉም ነበር።

የጋራው ቧንቧ ያለበት ቦታ ላይ ፎቅ ሊሠራ ሲወሰን፣ አለቃቸው "የሚቸገር ሰው ይኖራል?" ብለው ጠየቁ። አባታችን "ማንም የለም፤ ሁሉም በየቤቱ ውኃ አስገብቷል" አሉ። እማማ እንዳላስገቡ ያውቁ ነበር። አባታችን ከአለቃቸው ጋር ቧንቧውን ሊዘጉ የሄዱ ዕለት እማማ ባልዲያቸውን ይዘው ቆመዋል። አለቃው "ሴትዮዋን ታውቃቸዋለህ?" ቢሏቸው፣ አባታችን "በዓይን ብቻ" ብለው መለሱ። እማማ ሰምተዋል። ሰው ሲንጫጫ ግን፣ "ተዉት ልጄን፣ ሥራው ነው" ብለው ባዶ ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ።

ያለ ውኃ እጥበት የለምና፣ እማማ ቤቱን ለቀው ከተማው ዳር ወደሚኖሩት የእህታቸው ልጅ ሄዱ። ቧንቧው ያለ ችግር በመዘጋቱ አባታችን ዋና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሹመቱ ቤት ውስጥ ሲነሣ ግን አንገታቸውን ደፍተው ይወጡ ነበር። "ነገ ሄጄ አያቸዋለሁ" እያሉ ዓመታት አለፉ።

ጡረታ ሲወጡ ሄዱ። የእማማ ዓይን ደክሞ ስለነበር በድምፃቸው ነው የለዩዋቸው። "አንተ! ልጆቹ አደጉልህ?" ከማለት በቀር፣ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላነሡም። አባታችን በሳምንቱ መሣሪያቸውን ይዘው ተመለሱና ግቢው ድረስ ውኃ አስገቡ። አባታችን ዋናውን ነገር ሳይነግሯቸው እማማ ዐረፉ። እናታችን ለምን እንዳልነገሯቸው ቢጠይቋቸው፣ "ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ ቧንቧ ቀጠልኩ" አሉ።

አባታችን ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ጠዋት ዐረፉ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ታላቅ እህታችንን "የሠራሁትን ብቻ አታንብቡ፤ ያፈርኩበትንም ጨምሩ" ስላሏት ይህን ጻፍን። እኛም የተማርነው በዚያ ሹመት ደመወዝ ነውና አንገታችንን ደፍተን እናነበዋለን።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። የእማማ የእህት ልጅ የሆኑት እናትም ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል፤ ልንጠራቸው አፍረን ሳለ ሳንጠራቸው መጡ። ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል፤ እኛንም እኚህን እናት ቀና ብለን ለማየት ያብቃን።