እኔን የሚሉ አምስት ሰዎች

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣ ለእቴቴ የትነበርሽ፤ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ክረምቱስ እንዴት አደረገዎት? ጉልበትዎ ያንን ቁልቁለት አሁንም ይችለዋል? ዐይንዎስ ክር በመርፌ ማስገባት እሺ ይላል ወይስ አሁን የምታስገባልዎ ልጅዎ ብዙወርቅ ናት? እኔም፣ እናቴም፣ ታናሽ እህቴ ቢታንያም፣ ጠብቆ ላቆየን አምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን። ደህና ነን ስል ግን እንደ ስልኩ አይደለም። በስልክ ደህና ነህ ወይ ይሉኛል፤ ደህና ነኝ እላለሁ፤ እርስዎም ደህና ነኝ ይላሉ፤ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ያልተባለው ሁሉ እዚያው መንገድ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ልጽፍልዎ ተቀመጥኩ። እዚህ ሮተርዳም በቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ጋሽ ተካልኝ የእህታቸውን ልጅ ሊድሩ ወደ ወሎ ይመጣሉ። ደብዳቤውን በእጅዎ አስረክባለሁ ብለውኛል። ለዕንቁጣጣሽ ባይደርስ ለመስቀል ይደርሳል። በእጅ ጽሑፌ አይሳቁ። ከደሴ በወጣሁበት ዕድሜ ላይ ቆሞ ቀርቷል፤ እኔ አደግሁ፣ እሱ አላደገም።

ዛሬ ሩፋኤል ነው። እዚህም ዘነበ። የሮተርዳም ዝናብ ከላይ አይወርድም፣ ከጎን ነው የሚመጣው። እርስዎ በሩፋኤል ዝናብ ልብሳችንን አስወልቀው ወደ ግቢ ያባርሩን ነበር፤ የዓመቱ በሽታ ታጥቦ ይሂድ እያሉ። መስኮቱን ከፈትሁና እጄን አወጣሁ። ቀኝ እጄን ብቻ። የምወረውርበትን።

እናቴ ልጁ ኳስ ተጫዋች ሆነ ብላ ከነገረችዎ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ስንት ጎል አገባ እያለ እንደሚያስቸግርዎ አውቃለሁ። አንድም አላገባሁም፣ እቴቴ። የእኔ ጨዋታ ጎልም በረኛም የለውም። የአሜሪካ ፉትቦል ይሉታል። ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ አለው፤ በእጅ ይወረወራል። ወርዋሪው እኔ ነኝ። ኳርተርባክ ይባላል። ከፊቴ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ። ከእነሱ ማዶ እኔን ሊጥሉ የሚመጡ ሌሎች ግዙፎች አሉ። አምስቱ እነዚያን ይገታሉ። እነሱ በሚታገሉባት አንዲት ትንፋሽ ውስጥ እኔ ሩቅ የሚሮጠውን ጓደኛዬን አይቼ እወረውርለታለሁ። ከሜዳው ጫፍ ካለው መስመር ማዶ ከያዘው ነጥብ ነው። ጨዋታው ይኸው ነው። የቀረው መውደቅና መነሣት ነው።

እኛ ግን በብዛት እንወድቃለን። ቡድናችን ደካማ ነው። ይህን ለመጻፍ እንኳ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ። በዚህ ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ሜዳችን ወንዙ አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ኳሱን ከእጄ ሲወጣ ይቀበለኛል። ተመልካቾቻችን ሚስቶችና እጮኞች ናቸው፤ አንድ ሽማግሌም ውሻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ውሻው ስንሸነፍ ይተኛል። ክለቡ ደመወዝ የሚከፍለው ለእኔና ለጥቂት ሰዎች ብቻ ነው። ሌሎቹ ከሥራ ነው የሚመጡት። ከአምስቱ መካከል መሐል ላይ የሚቆመው ሩበን ይባላል፤ አባቱ ከሱሪናም የመጡ ናቸው። ወደብ ላይ ክሬን ይነዳል። ቀን ኮንቴይነር ሲያነሣ ውሎ ማታ መጥቶ እኔን ይጠብቃል።

መመታት የሚለመድ መስሎኝ ነበር። አይለመድም። ሰውነት ይረሳል፤ ዐይን ግን አይረሳም። ከሰኔ ጀምሮ ዐይኔ እምቢ አለኝ። ኳሱን ስይዝ ሩቅ የሚሮጠውን ማየት ሲገባኝ ወደ እኔ የሚመጡትን አያለሁ። እጃቸውን። በጥርሳቸው የነከሱትን የጥርስ መከላከያ ላስቲክ። አሰልጣኛችን ዮስት ቪዲዮውን እያስቆመ ያሳየኛል። አየህ፣ ይለኛል፣ እዚህ ጋ ሰውህ ብቻውን ነበር፤ አንተ ግን የምታየው የሚመታህን ነው። እውነቱን ነው። በባቡርም ውስጥ እንደዚያው ሆኛለሁ። ሰው ፈጠን ብሎ ሲመጣ ትከሻዬ ራሱ ይሸሻል።

ከዚያ የሐምሌው ነገር መጣ። ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

እርስዎ ቤትዎ በር ላይ ከስፌት መኪናዎ ጋር ተቀምጠው፣ እኔ በዚያ ቁልቁለት ስሮጥ ድንጋዩ ሲያንሸራትተኝ፣ ከጨርቁ ቀና ሳይሉ «እኔን» ይሉ ነበር። ሌላ ምንም አይሉም። መዘውሩ ይዞራል፣ መርፌው ይወጋል፣ «እኔን»። ይህቺ ቃል አፌ ላይ ቀርታለች። እዚህ ሰው ሲደናቀፍ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ሲደናቀፍ ሌላው ወደ ሌላ ያያል፣ እንዳያሳፍረው። እኔ ግን ትራም ውስጥም፣ ገበያም እላታለሁ። ልምምድ ላይ ሩበን ጣቱ ሲቀጠቀጥ አልኳት። ምን ማለት ነው አለኝ። በአንተ ፈንታ እኔን ይሁን ማለት ነው አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ከሆነ በኋላ ማለቱ ምን ይጠቅማል፣ ጣቴ እንደሆነ አብጧል አለኝ። አምስቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ መቀለጃ ሆነች። አንዱ ቡና ሲደፋ ሌላው እኔን ይለዋል። የአንዱ መኪና አልነሣ ስትል አራቱ ከበው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እኔን ይሏታል።

በሐምሌ አጋማሽ ሜዳችን ላይ ስንጫወት፣ ለአንዴ እንኳ እየመራን ነበር። ኳሱን ይዣለሁ። አንድ ባላጋራ አምስቱን አልፎ መጣብኝ፣ እርጥቡ ሣር አዳለጠውና እግሬ ሥር በፊቱ ተደፋ። ድምፁ ይሰማል፣ እቴቴ። እኔን አልኩ። ማለት ብቻ አይደለም፤ ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁለት። ኳሱ በሌላው እጄ ነበር። ጨዋታው አልቆመም ነበር። ከኋላዬ ሌላው መጥቶ ኳሱን ነጠቀኝና እስከ መስመራችን ሮጠ። ተሸነፍን። የወደቀው ሰውዬ እጄን ይዞ ተነሣ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል።

ዮስት አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሊባኖስ፣ እዚህ ሜዳ ላይ ነርስ አይደለህም» አለኝ፤ በቃ። አንዱ በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ለሁለት ቀን አገሩ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ክለቡ ከአሜሪካ ሌላ ወርዋሪ እንደሚያመጣ ተነገረኝ። የመጨረሻው ጨዋታ አምስተርዳም ላይ ነው፤ የመጀመሪያው አጋማሽ ያንተ ነው፣ ካልሆነልህ በሁለተኛው እሱ ይገባል፣ የሚቀጥለው ዓመት ቦታም በዚያ ይለያል ተባልኩ።

እናቴን ያውቋታል። ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ በሚባል ሰፈር አዛውንቶችን በየቤታቸው እየዞረች ታጥባለች፣ ታነሣለች፣ ታስተኛለች። የተመታ ሰውነት ሲያረጅ ምን እንደሚመስል በእጇ ታውቃለች። «ሰው ልጁን ከዱላ ያስጥላል፤ እኔ ፈርሞ ወደ ዱላ የሚሄድ ልጅ ወለድኩ» አለችኝ፣ ጀርባዬን ቅባት እያሸች። ጋሽ ተካልኝ ደግሞ ወደብ ላይ ባለው መጋዘን ቋሚ ሥራ ጠይቀውልኝ እስከ መስከረም ይጠብቁሃል አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ቋሚ የምትለዋ ቃል ጣፈጠችኝ። ቋሚ። የማይወድቅ። ለእናቴ ቃል ገባሁላት፤ አምስተርዳም ላይ ቦታዬን ካጣሁ ወደብ እገባለሁ አልኳት። እሺ ካልክ እኔም መጥቼ አያለሁ አለች። አንድም ቀን መጥታ አታውቅም ነበር።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ነበር። ሜዳው አምስተርዳም ዳር፣ ኦስዶርፕ ከሚባል ሰፈር አጠገብ ነው፤ ትራሙ እስከ ደጁ ያደርሳል። እናቴ ነጭ ነጠላዋን በዝናብ ካፖርቷ ላይ ደርባ፣ ጥላ ይዛ፣ ከቢታንያ ጋር የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። ቢታንያ ግማሹን በሆላንድኛ ግማሹን በአማርኛ ሕጉን ታስረዳታለች፤ እናቴን አንቺ እያለች፣ እንደዚህ አገር ልጆች። በኋላ እንደሰማሁት ያስረዳቻት ሁሉ ስሕተት ነበር። አሜሪካዊው ልጅ ከመስመሩ ውጭ ደረቅ ልብስ ለብሶ ቆሟል። ክፉ ልጅ አይደለም። ጠዋት ጨብጦኛል። እጁ ትልቅ ነው።

አምስተርዳሞች ዓመቱን ሙሉ አልተሸነፉም። መጀመሪያ ላይ ጣሉኝ። ደግመው ጣሉኝ። ዐይኔ ያው ነው፤ ወደሚመጡት። ዮስት ሰዓቱን ያያል። አሜሪካዊው ሄልሜቱን አነሣ። አስታውሳለሁ፣ ስለ መጋዘኑ አሰብኩ። ደረቅ ነው ብዬ አሰብኩ።

ክብ ሠርተን ስንቆም አፌን ከፍቼ የሚቀጥለውን አጨዋወት መናገር አቃተኝ። የሚናገረው ኳርተርባኩ ነው፤ ሁሉም አፌን ያያል። ዝናቡ ሄልሜቶቹ ላይ ይንጠባጠባል። ያኔ ሩበን ጭቃ የሞላው እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «እኔን» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ አየሁት። አልሳቀም። «ዛሬ ከመሆኑ በፊት ነው የምንለው» አለኝ። ከጎኑ ያለው ቀጠለ። ከዚያ ሌላው። አምስቱም፣ እያንዳንዳቸው በየአነጋገራቸው፣ ደረታቸውን ይዘው።

እቴቴ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ቃሏን ሲሠሯት ነበር የከረሙት። እኔ ስላት፣ እነሱ ሲሠሯት። ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ከክሬንና ከመጋዘን መጥተው፣ ወደ እኔ የሚመጣውን በደረታቸው ሲቀበሉ። እኔ ደግሞ ከጀርባቸው ሆኜ፣ የተሸፈነልኝን ትቼ፣ እነሱን አልፎ የሚመጣውን ስጠብቅ።

ተሰለፍን። ኳሱ እጄ ገባ። የአጥንትና የፕላስቲክ ድምፅ ሰማሁ፤ አላየሁም። ሩቅ አየሁ። የእኛ ልጅ ሜዳው ጫፍ ላይ ብቻውን ይሮጥ ነበር፤ ምናልባት ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ብቻውን ሲሮጥ ኖሯል። ወረወርኩ። ነፋሱ የዚያን ጊዜ ተወኝ። ከመስመሩ ማዶ ያዘው።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ዮስት ስሜን አልጠራም፤ የአሜሪካዊውንም አልጠራም። ዝም ብሎ ወደ ሜዳው በአገጩ አሳየኝ። ገባሁ። ወረወርኩ፣ ተያዘልኝ፣ ደግሞ አልተያዘልኝም። መጨረሻ ላይ አንዱ በጎኔ መጥቶ መሬት ላይ ዘረጋኝ፤ ሰማዩን ብቻ ሳይ ከመቀመጫው በኩል የእናቴ ድምፅ «እኔን ይድፋኝ!» ሲል ሜዳውን ሞላው። አምስቱ እንደ አንድ ሰው ወደ እሷ ዞሩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እኔን ብለው መለሱላት። አምስተርዳሞች እንኳ ሳቁ። እኔ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ሳቅሁ፤ ከሰኔ ወዲህ ሜዳ ላይ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ተሸነፍን። በጥቂት ነው፣ ግን ተሸነፍን፤ አልዋሽዎትም። ሲያልቅ እናቴ ጥላዋን ዘግታ ሜዳው ውስጥ ገባች። ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ ለአምስቱ አደለች። ሩበን አንድ እፍኝ ሲወስድ የፌስታሉ ግማሽ ሄደ። ይህን የሚያህል ሰው ሆነህ እንዴት ያን ቀጭኑን አሳለፍከው ብላ ወቀሰችው፤ ቢታንያ ተረጎመች። ሩበን አንገቱን ደፋ፣ ልክ እንደ ልጅ። ዮስት ዕቃ ሲሰበስብ ቆይቶ በአጠገቤ አለፈ። «ማክሰኞ ና» አለኝ። «ቦታው ያንተ ነው፤ እስክታስነጥቀው ድረስ።» አሜሪካዊውም ይቆያል፤ የዚህን አገር ክረምት፣ በረዶውን ሙሉ አብረን እንለማመዳለን። ሊነጥቀኝ ይችላል። እኔ ግን ነገ እሄዳለሁ።

በባቡር ስንመለስ እናቴ ስለ ወደቡ አላነሣችም። ዴን ሃግ ልንደርስ ስንል፣ የሚመጣው ዓመት ጨዋታ የሚጀመረው ስንት ወር ላይ ነው አለችኝ። ፈረቃዋን አስቀድማ ልትጠይቅ ነው። ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ተካልኝን አመሰገንኳቸውና ሥራው ለሌላ ይሁን አልኳቸው። አልተቀየሙኝም። ደብዳቤህን ግን ቶሎ ጻፍ፣ ሻንጣዬ ሊዘጋ ነው አሉኝ።

የሩበንን ጥያቄ ዛሬ እጄን ዝናቡ ላይ አድርጌ አሰብኩበት። ከሆነ በኋላ ማለቱ ምን ይጠቅማል። በልጅነቴ ቁልቁለቱ ላይ ስወድቅ ወዲያው አላለቅስም ነበር፤ ትዝ ይልዎታል? መጀመሪያ አዳምጥ ነበር። የእርስዎ ድምፅ ከመጣ አላለቅስም። እነሣለሁ፣ ጉልበቴን አራግፋለሁ፣ እሮጣለሁ። እርስዎ ቀና አይሉም ነበር። መነሣቴን ያውቁ ነበር መሰለኝ።

ለብዙወርቅ በጣም አድርጌ ሰላም ብያለሁ፤ ክሩን እያስገባች እርስዎን እንዳትጨቀጭቅ። ለባለቤቷም፣ ለልጆቿም ሰላምታዬ ይድረስ። ስንት ጎል አገባ ላሉዎት ጎረቤቶች ሁሉ፣ አንድ አገባ ይበሏቸው፤ ማስረዳቱ ይቅርብዎት። እናቴ ለብቻዋ ትደውላለች፤ ጉንጭዎን ስማለች። ቢታንያ ሰላም ብላለች፤ እርስዎን አንቺ ስትል አይቀየሟት። ሩበንም ሰላም ብሏል። እየጻፍኩልዎ መሆኔን ስነግረው፣ አክስትህ ያንን ቃል ለማያውቁት ሰውም ይላሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ይበሉልኝ።

የሚወድዎትና የሚናፍቅዎት የእህትዎ ልጅ፣
ሊባኖስ

ሮተርዳም፣ ጳጉሜን ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.