ሰው ጥሎት የወጣ ፊልም

ቢቸና፣ ሰኔ ፭ ቀን ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ይድረስ በእናት ፈንታ ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ሞጣ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ልጆቹስ? እኔም፣ ልጄ ሙሉዬም፣ ባለቤቴ ኃይለ ሚካኤልም፣ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና በአካል ደኅና ነን።

እሑድ ዕለት ቀበሌ አዳራሽ ፊልም መጥቶ ነበር። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርደው በጠራራ ፀሐይ አሳዩን። ሰዉ ጦርነት አያለሁ ብሎ ነበር የመጣው፤ የድሮ ዘመን የባልና ሚስት ታሪክ ሆኖ ሲያገኘው እያጉረመረመ ወጣ። እኛ ቀረን። ፊልሙ ኃይለ ሚካኤል ከተማረበት ከቡልጋርያ የመጣ ነውና እሱ ይተረጉምልኝ ነበር።

እኔስ ወደድኩት። አንድ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሰው አገር ያገባል። ቋንቋዋን ሲያጣምም በእንግዳ ፊት ታርመዋለች፤ እሱም ፈገግ ይላል፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን አያናግራትም። መጨረሻ ላይ አገሬን አይቼ ልመለስ ብሎ ይነሣል። አታለቅስም። የኮቱን ኮሌታ ታስተካክልለትና በሩን በሁለት እጇ ይዛ ትቆማለች። ይኸው ነው። ሌላ ቢሠራው ያስጮኻት ነበር።

እዚያ ላይ ኃይለ ሚካኤል መተርጎሙን ተወ። መብራት ሲበራ ፊቱ ርሶ ነበር። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «በሩን የያዘችው ልክ እንደዚያ ነበር» አለኝ።

ማን እንደሆነች ጠየቅኩት። ሶፍያ ከተማ ሲማር አብራው የኖረች ናት። ስሟንም ነገረኝ፤ እዚህ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ። እመለሳለሁ ብሏት ነው የመጣው። «ልጅስ?» አልኩት። የተኛችውን ሙሉዬን አንሥቶ ታቀፋትና ወደ ግድግዳው ዞረ።

እህቴ፣ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንዲት ሴት አለች። ገበታ ስናቀርብ አብራን የተቀመጠች ይመስለኛል። ጠዋት ሲወጣ ዐይኑ እኔን አልፎ ከኋላዬ ያለ ሰው ያያል። አልጠላሁትም። «ጻፍላት» ስለው፣ «ምን ብዬ?» አለኝ። እሷም እንደ እኔ አምናው ነበር።

ክረምቱን እኔና ሙሉዬ አንቺ ዘንድ ብንከርም ምን ይመስልሻል? የጓሮው ክፍል ባዶ ከሆነ አስጠርጊልኝ። አባባ ከጠየቁ፣ የቢቸና ብርድ ለልጅቷ ከብዷት ነው በያቸው። ለኃይለ ሚካኤል እስከ መስቀል ብዬዋለሁ። የሰርግ ልብሴንና የሙሉዬን የክርስትና ልብስ ግን ዛሬ ከሳጥኑ አውጥቼ ጠቅልያለሁ።

ጊዮርጊስ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ቤትሽ አይጉደል።

ታናሽ እህትሽ