ፓምፑ ወይስ የሚታጠፈው

ቂርያት ማላኪ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 1979

ፋብሪካ ውዬ ገባሁ። የምሳው ሾርባ ውኃ ነበር። ካሰች ዛሬም ልጆቹ ጋ አነጠፈች። ዓመት ሊሞላት ነው። ሌላ ሴት ያለችኝ መስሏት ይሆን? ስኳሩ ወንድነቴን በላው ብዬ ለሚስቴ እንዴት ልንገራት...

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ገዴራ ከተማ፣ ሐኪሙ ዘንድ። የዕብራይስጥ አስተርጓሚ አመጡልኝ፤ ዘመናይ የምትባል፣ ከያቭነ ከተማ የመጣች የእኛው አገር ልጅ። እኔ ሞኝ፣ እንደ ልማዳችን «የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

«የአምባው።»

አምባው የካሰች የአጎት ልጅ ነው። ልጅቷም አወቀችኝ፤ አቀረቀረች።

ሐኪሙ ምን ገዶት። ሁለት ነገር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሁለቱም በቀዶ ጥገና ብልት ውስጥ የሚገቡ ናቸው። አንዱ እንደ ሽቦ የሚታጠፍ ዘንግ። ሲፈልጉት ቀና፣ ሲጨርሱ ወደ ታች፤ ግን ሁሌም ድርቅ እንዳለ ነው። ሌላው ውኃ ያለው ቱቦ። ፓምፑ የቆለጥ ከረጢት ውስጥ ይቀበራል፣ ሲጫኑት ያብጣል።

«ያላ፣ ሞክረው» አለኝ። ተጫንኩት። መዳፌ ውስጥ እንደ ትል አበጠ። መልሼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

«ፓምፑ ከተበላሸ እንደገና ይቀደዳል ይላሉ፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ፣ ግድግዳውን እያየች።

ቤት ገብቼ እጄን ሦስቴ በሳሙና ታጠብኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አምና ራቢዎቹ እኛን የተገረዝነውን ሰዎች አይሁድነታችሁ እንዲጸና ከብልታችሁ አንዲት ጠብታ ደም ስጡ ሲሉን እምቢ ብዬ ሰልፍ የወጣሁ ሰው፣ አሁን በገዛ ፈቃዴ ልታረድ? ደግሞ ያን ዘንግ ይዤ የፋብሪካው ሻወር ውስጥ ማን ፊት ልቆም? ቱፍ።

ልጅቷ ለአባቷ ትነግር ይሆን? አምባው ከሰማ ካሰች ሰማች ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወሬው ሳይቀድመኝ ነገርኳት። ሐኪሙ የሰጠኝን ሥዕል ያለበት ወረቀት ፊቷ ወረወርኩት። አተኩራ አየችው።

«ዓመት ሙሉ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

አለቀሰች። «እኔ እኮ የምትጸየፈኝ መስሎኝ...»

እኔ እሷን! የምጸየፈውስ ራሴን ነበር።

እንባዋን ጠርጋ ወረቀቱን መልሳ አነሳች። «ፓምፕ ያለው ይቅር። እዚህ ቤት ማሽን ያለው ነገር የቱ ሰነበተ?»

ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ገዴራ ሁለታችንም ሄድን። ዘመናይ ለማንም አልተናገረችም ኖሯል፤ እትዬ ካሰችን ስታይ ደነገጠች። ካሰች ዘንጉን አነሳችው። አጠፈችው፣ አቀናችው፣ ድስት እንደምትገዛ ሁሉ አገላበጠችው። «ይሄን በይልኝ» አለቻት። ልጅቷ ተረጎመች። «ቤሰደር» አለ ሐኪሙ፣ እሺ ማለቱ ነው። ቀኑ ለጥር ተቆረጠ።

እኔ አሁንም ይቀፈኛል። አልነካሁትም።

ማታ ካሰች ትራሷን ይዛ ወደ አልጋዬ መጣች። ገና ምንም ሳይሆን።