ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረች ልጅ

ጳጉሜን 3 ቀን 2000 ዓ.ም.
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ

ለተከበሩ አቶ ሞላልኝ
የቃል ኪዳን እድር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በመልካም ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ድምፅዎ እንዴት ሰነበተ? ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ለሃያ ሁለት ደቂቃ ያለ ዕረፍት ስለ ተናገሩ ጉሮሮዎን እንዳይጎዳዎት ሰግቼ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ፣ እርስዎ የተናገሩትን ሁሉ ስጽፍ የኖርኩት ተሻገር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ኤርፖርት የፓርኪንግ አውቶቡሴንም እነዳለሁ። ልጄ ኤልዳና ግን ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። ዛሬ አሥራ አምስት ቀኗ ነው። ይህን ደብዳቤ በየሐበሻ ሱቁ ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ የሰልፍ ማስታወቂያ ጎን የምለጥፈው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ቦታ ስላጣበብኩብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በጉባኤው ላልነበሩ አንባቢዎች ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። ነሐሴ 18 ቀን በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስበን ነበር። አራተኛው አጀንዳ፣ በመስከረም ዳላስ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያን የሚያደርጉትን ዓመታዊ ሰልፍ እድራችን ወጥቶ እንዲቃወምና ለከተማው ምክር ቤት አቤቱታ እንዲያስገባ የሚጠይቅ ነበር። እድራችን የተቋቋመው የሞተ ለመቅበርና ያዘነ ለማጽናናት ነው። በዚያ ወር ማንም ስላልሞተብን ጊዜ ተርፎን መሆን አለበት።

አንደኛ፤ ስለ ንግግር ነጻነት ለሰጡን ትምህርት እጅግ አመሰግናለሁ። በዚህ አገር ሰው በተናገረው ቃል እንደማይታሰር፣ ሰልፈኞቹ የመሰለፍ መብት እንዳላቸው ሁሉ እኛም ከመንገዱ ዳር ቆመን የመቃወም መብት እንዳለን ሲያስረዱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨብጭቤ ወደ መዝገቤ ተመለስኩ። ዛሬም ቢሆን ያሉት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰሌዳዎን ይዘው ቆመው የልብዎን ቢናገሩ የሚከለክልዎ ሕግ የለም፣ እንዲኖርም አልመኝም። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ መብት ዳላስ አስፋልት ላይ ሙሉ ቀን ሆኖ፣ እኛው በተከራየነው አዳራሽ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ በታች የሚሆነው እንዴት ነው?

ሁለተኛ፤ ለሰዓት አክባሪነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ማንኛውም ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ አለው። አቶ ክፍሉ በሰልፉ ቀን መኪና የት ፓርክ እንደሚደረግ ብቻ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሲያብራሩ፣ እርስዎ በትዕግሥት ራስዎን እየነቀነቁ አዳመጧቸው። ከዚያ ከኋላ ወንበር ልጄ ተነሣች። ሪቻርድሰን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ የምትማር የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ናት፤ ትመጣለች ብዬም አልጠበቅኩም ነበር። ሰዓት መያዝ የእኔ ሥራ ስለሆነ ልነግርዎ እችላለሁ፤ የተናገረችው ለሃምሳ ሰከንድ ነው። ያለችውንም እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

«ሃይ። ስሜ ኤልዳና ነው። ታውቁኛላችሁ፣ ልጆቻችሁን ማት አስጠንቼአለሁ። ሶ… እናንተ ሰልፍ የምትወጡት በኔ ላይ ነው። ማለቴ፣ እኔ እዛ ማርች ከሚያደርጉት ነኝ። ኦኬ፣ መብታችሁ ነው፣ ስቶፕ አላደርጋችሁም። ግን ያ ለሰልፉ የምትይዙት ሳይን ላይ የጻፋችሁት እኔ አይደለሁም። አባቴ እዚህ አለ። እሱ ያውቀኛል። እሱን ጠይቁት።»

እዚህ ላይ ማይክሮፎኑ ጠፋ። እርስዎም ማይክሮፎን በማያሻው ድምፅዎ «የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ አማርኛሽን ኢምፕሩቭ አድርገሽ ነይ፣ አሁን ታይም የለንም» አሉ፤ ሰውም ሳቀ። ለቋንቋችን ያለዎት ተቆርቋሪነት የሚደነቅ ነው። የእርስዎን ሁለት ልጆች አልጄብራ ያስጠናቻቸው በእንግሊዝኛ መሆኑን አሁን ሲሰሙ እንዳይከፋዎት ብቻ እለምናለሁ።

ሦስተኛ፤ በማግስቱ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ስለምንዎ፣ ሻይ ጋብዘው በመልካም ፊት ስለ ተቀበሉኝ አመሰግናለሁ። ሰልፉ ይቅር አላልኩም፤ ውሳኔው ይሻር አላልኩም፤ አንዲት ልጅ ተነሥታ መናገሯ ብቻ ይጻፍ ነው ያልኩት። እርስዎም ፈገግ ብለው «አቶ ተሻገር፣ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉኝ። ተረቱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔም ስንት ጊዜ ተርቼበታለሁ። ነገር ግን ክቡር ሊቀመንበር፣ የተናገሩት እርስዎ ነዎት፤ የወለድኩት እኔ ነኝ። የራስዎን ቃል ለማዳን የሰው ልጅ መስጠት እንዴት እንዲህ እንደ ቀለለዎት እስካሁን አስባለሁ።

አራተኛውን አቤቱታ በእርስዎ ላይ ለማቅረብ ብዙ ጣርኩ፤ አልሆነልኝም። ማይክሮፎኑን ያጠፉት እርስዎ ነዎት። ነገር ግን «እሱን ጠይቁት» ስትል መቶ ያህል ሰው ዞሮ ያየው እኔን ነው። ልጄም እንደ ቆመች አየችኝ። እኔ ከፊት ጠረጴዛ ላይ ነበርኩና ለመናገር ማይክሮፎን አያስፈልገኝም ነበር። በፋሲካ ማግስት ለእናቷና ለእኔ ሁሉንም ነግራናለች፤ እኔ «ቆይ እንነጋገርበታለን» ብዬ የሥራ ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ፤ ሳንነጋገርም ክረምቱ አለፈ። ስለዚህ ብጠየቅ መልሱ ነበረኝ። ይቺ ልጅ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ትምህርቷን አቋርጣ ሦስት ሳምንት አጠገቤ ወንበር ላይ ያደረች ናት ማለት እችል ነበር። ልጄ ናት ማለትም ይበቃ ነበር። እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ «ሌላ አስተያየት የሰጠ ባለመኖሩ አጀንዳው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብዬ ጻፍኩ። ድምፁ ሙሉ እንዲሆንም፣ እስክሪብቶው ገና በጣቶቼ መካከል እንዳለ፣ ቀኝ እጄን አወጣሁ። ቀና ስል ወንበሯ ባዶ ነበር።

ዝም አይነቅዝም ሲባል ነው ያደግኩት። ይነቅዛል፣ ክቡር ሊቀመንበር። ባለቤቴ ውድነሽ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ደህና ዋልክ ትለኛለች፣ ፊቴን ግን አታይም። ሪቻርድሰን ልጄ ወደምትኖርበት አፓርትመንት ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። አብራት የምትኖረው ኪያ በሩን ገርበብ አድርጋ «ጋሼ፣ ሶሪ፣ አሁን ሬዲ አይደለችም» አለችኝ። ከኋላዋ የልጄ ጫማ ምንጣፉ ላይ ይታየኝ ነበር። ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን የምናገርበት ከዚህ ያማረ ቃል አጥቻለሁ።

እንግዲህ በትሕትና የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰልፉ በፊት በምናደርገው የአዲስ ዓመት ስብሰባ መዝገቡ ይከፈትና ያ መስመር ይሰረዝ። በምትኩ ኤልዳና ተሻገር መናገሯ፣ ንግግሯ መቋረጡ፣ ጸሐፊው አባቷ መሆኑና ዝም ማለቱ ይግባ። ድምፁም ሙሉ አልነበረምና የእኔ ይቀነስ። ብቻዬን እንዳላርመው ያጸደቀው ጉባኤው ነው፣ ከግርጌው የፈረሙትም እርስዎ ነዎት። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ከጸሐፊነት ለቅቄያለሁ፤ ማኅተሙንና የአዳራሹን ቁልፍ ለምክትልዎ ለወይዘሮ የሺሐረግ አስረክቤያለሁ። መዝገቡ ግን እስኪታረም እኔ ዘንድ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ሌባ ብለው በአደባባይ ሊጠሩኝ ቢፈልጉ፣ ሦስቱንም ደቂቃ ተጠቅመው ይናገሩ፤ የሚያቋርጥዎ አይኖርም።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለማይክሮፎንዎ ረጅም ገመድን፣ ለሰልፉ ቀንም ፀሐይ የማይበረታበት ሰማይን እየተመኘሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞው ጸሐፊዎ
ተሻገር፣ የኤልዳና አባት

ማስታወሻ፦ ልጄ አማርኛ ማንበብ አትችልም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ላስቆጥራት ሲገባኝ የእድሩን መዝገብ ስገለብጥ አደገችብኝ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ መንገደኛን የትኛው ተርሚናል እንደሚወርድ ከመጠየቅ አያልፍም። እርስዎ ግን የተቃውሞውን አቤቱታ ለከተማው ምክር ቤት ሲተረጉሙ አንዲት ቃል እንኳ እንዳልጎደለች ሰምቻለሁ። እባክዎን የሚከተለውንም ተርጉመው፣ በዚያ ቀን ከምትይዟቸው ሰሌዳዎች በአንዱ ጀርባ ላይ ይጻፉልኝ፤ እሷ በፊታችሁ ማለፏ ስለማይቀር ሰሌዳውን ቢያዞሩላት ታነበዋለች፦ «ኤልዳና፣ ተናግረሻል። አባትሽ ሰምቷል። የተናገረ የለም ብሎ የጻፈው እሱ ነው።»