ለአሳታሚ የማይሆን ሙሾ

ልጄ፣

መጽሐፌን ያበላሸው አጎትሽ ቸርነት ነው። ከሰላምታ በፊት የእሱን ስም ማስቀደሜ ደግ አይደለም፤ ግን እንዲህ ካልጀመርኩት ይህን ደብዳቤ አልጨርሰውም። ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? የአዲስ አበባ ብርድ ጉንፋኑን አልመለሰብሽም? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሶዶ ዝናብ ይዟል።

አሳታሚዎቹ ዘንድ ለሐሙስ ቀጠሮ ስለያዝሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጠየቁትን የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ቸርነት በኮምፒውተር ጻፈልኝ። ከዚያ ከረባቱን አስሮ፣ አሳታሚ ነኝ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠና ያለማምደኝ ጀመር። መጽሐፍሽ ስለ ምንድን ነው አለኝ። ስለ ልጄ ስለ ብሩክታይት አልኩት። “እትዬ፣ አሳታሚ ለቀስተኛ አይደለም፤ ንፍሮ ይዞ አይመጣልሽም። ስለ መጽናናት ነው በይ” አለኝ። አንተ ስብከትህን ለእሁድ አቆየው ብዬ ወረቀቱን ነጠቅኩትና ፊደል በፊደል አነበብኩት። ለእሷ የጻፍኩት ሙሾ የለም። በቦታው “ልጇን ስትቀብር አንድ እንባ ሳታፈስ ጌታን ያመሰገነች እናት ታሪክ” ይላል። ለካ መጽሐፉን በኮምፒውተር ሲገለብጥልኝም ቆርጦ አውጥቶታል።

በወሊድ የሞተችውን እህትሽን ተበላ ከተማ ስንቀብራት አመሰገንኩ እንዴ? አንቺም እኮ ነበርሽ። እናት ለቀስተኛው የሚሰበሰብበት ሜዳ መሃል ገብታ፣ የልጇን ስም እየጠራች ማልቀሷ ወጋችን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የዳነ ሰው አያለቅስም ብለው ከለከሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት፣ ያን ቀን ያስቀሩብኝን ልቅሶ ለመጻፍ ነው።

ያን ቀን እንዳላለቅስ በመዳፏ አፌን የያዘችውን ሴት ስም አልጻፍኩም። ቀለበቷ ከንፈሬን እንደ ቀደደው ብቻ ጻፍኩ። ቸርነት ማናት ቢለኝ፣ ረሳኋት አልኩት። አንቺም አትንገሪው፤ ትዳሩን አልበጠብጥም።

ሙሾው ይመለስልኝ ብዬ አሳታሚዎቹ ጋ ደውዬ ነበር። ያነሳችው ሴት ትሑት ናት። ማጠቃለያውን ወደነዋል፣ የሚያጽናና መጽሐፍ ነው የምንፈልገው፣ ልቅሶ ገዢ የለውም አለችኝ። ስለዚህ ሐሙስ አትጠብቂኝ። ሌላ አሳታሚ የምፈልግበት ዕድሜም ጉልበትም የለኝም።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ አንዳቸውንም በሕይወትሽ አያስቀብርሽ።

እኔ ግን ከእንግዲህ በማንም ፊት ተጽናንቻለሁ አልልም።

የሁለታችሁም እናት